ስልሳ አራተኛው ደንብ

እትዬ ተኳሽ ናት። ሥራዋን ለሚጠይቀኝ ሰው ይህችን ብቻ ብዬ ዝም እላለሁ፤ ወታደር መስላው ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ደስ ይለኛል። ትንሽ ካስጨነቅሁት በኋላ «ልብስ ነው የምትተኩሰው» ብዬ እገላግለዋለሁ። የአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ይዛ ቆማለች። እትዬ የምላት በስድስት ዓመት ታላቄ ስለሆነች ነው፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ጎረቤቱም፣ የሆቴሉ ሠራተኛም፣ በመጨረሻ የገዛ ባሏም እትዬ ይላት ጀመር። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ በዕድሜ በአራት ዓመት ይበልጣታል። «ምን ላድርግ፣ አፌ ለመደው» ይላል።

በመጀመሪያ ስለ እጇ ልናገር፤ እጇን ያላወቀ ሰው የቀረው አይገባውም። እትዬ ልብስን በእጇ ታውቃለች። በሆቴሉ በየቀኑ ሁለት መቶ የሚሆን የሠራተኛ የደንብ ልብስ ከማሽን ወጥቶ ፊቷ ይከመራል። የማን እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ታጥቦ ቢጠፋም እየዳሰሰች ትለየው ነበር። የአንዱ አስተናጋጅ ኮት ግራ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ትሪ የሚደግፈው በዚያ ክንዱ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ቀሚስ ከኋላው ያብረቀርቃል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ነው የምትውለው። የዘበኛው ኮት ቀኝ ኪሱ ወደ ታች ተጎትቷል፤ እጁን ከዚያ አያወጣም። «ልብስ ለባሹን ይመስላል» ትላለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ልብስ ለሌላ ሰው ሰጥታ አታውቅም። ይህንንም ደጋግማ ስለምትነግረን ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ይዞታል።

የልብስ ንጽህና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ቦታው ለእትዬ ይሆናል ብለን ተስማምተን ነበር። የተስማማነው ግን እኛው ብቻችንን ነበር። ቦታው ካውያ አያያዝ ራሷ ላስተማረችው ሰው ተሰጠ። የዚያን ቀን ቤት እንደገባች ካውያ አነሣች። የቤቱን ልብስ ሁሉ ተኮሰች፣ መጋረጃውን አውርዳ ተኮሰች፤ በመጨረሻ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ስትተኩስ ሳያት ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ። በሳምንቱ ሥራዋን ለቀቀች።

ማስታወቂያውን ያየችው ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። «የራሷን ሥራ መጀመር ለምትፈልግ ሴት» ይላል። ያወጣችው በአንዲት ክፍል ጀምራ አሁን በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ ያላት የላውንደሪ ባለቤት ናት። ቤቶቹ ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ስለተቀቡ ሰው «ሰማያዊው ላውንደሪ» ነው የሚላቸው። አሠራሩ ፍራንቻይዝ ይባላል። እትዬ ነገሩን ለእናታችን ስታስረዳ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ስሙ የሷ ነው፣ እማዬ። ማሽኑን የምታቀርብልኝ፣ አሠራሩንም የምታስተምረኝ እሷ ናት። ቤቱና ድካሙ የኔ ነው። ከምሠራው ላይ ለስሟ ድርሻዋን እሰጣታለሁ።»

እማዬ መነጽሯን አወለቀች። እማዬ መነጽሯን ካወለቀች ነገር አለ ማለት ነው።

«በሰው ስም?»

«አዎ።»

«እኔና አባትሽ ያወጣንልሽ ስም ምን ሆነ? ዘጠኝ ቀን ተጨቃጭቀን ነው ያወጣነው!»

«የኔን ስም ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው፣ እማዬ?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች እማዬ። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እኔ ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እትዬ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሰው ስትፈልግ እኔን ጠራችኝ። «ምላስሽ ረጅም ነው፤ ቤት ውስጥ ከሚያልቅ ደንበኛ ያጫውት» አለችኝ። ደመወዜን ጥዬ ሄድኩ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናገረውን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያሠለጠነችን የዋናው ቢሮ ተቆጣጣሪ ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ የምታደርግ፣ የማትጮህ፣ የማትስቅም፣ ዕድሜዋ የእትዬን የካውያ ዘመን ቢያክል ነው። እትዬን ሸሚዝ መተኮስ አስተማረቻት። በቅድሚያ ኮሌታው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ መጨረሻ ገላው። እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት ከእጅጌው ነበር የምትጀምረው። ጥርሷን ነክሳ ከኮሌታው ጀመረች። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «እኔ ካውያ ስይዝ እሷ ጡት ትጠባ ነበር» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ከኮሌታው ሲጀመር ግን ይፈጥናል» አለች። ያመነችው ከአንገት በላይ እንዳልሆነ ያወቅሁት ማታ የባሏን ሸሚዝ ከኮሌታው ስትጀምር ሳያት ነው።

ለየባለቅርንጫፉ ሰማያዊ ክላሰር ይሰጣል። ውስጡ ስልሳ ሦስት ደንብ አለ። አንደኛው፣ የልብሱን ኪስ ባለቤቱ ፊት ፈትሹ ይላል። ዘጠነኛው ስለ ግድግዳው ቀለም ነው። አሥራ ሰባተኛው፣ ማንኛውም ልብስ የደንበኛው ቁጥር በጨርቅ ተጽፎ በመርፌ ቁልፍ ሳይያዝበት ከመቀበያው ጠረጴዛ አያልፍም ይላል። ሠላሳ አንደኛው፣ ስህተት ከተፈጠረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለዋናው ቢሮ ይደወል ይላል። መጨረሻ ላይ «ስልሳ አራት» የሚል ቁጥር ብቻ ያለበት ባዶ ገጽ አለ። ማተሚያ ቤቱ ዘሎት ነው ብዬ አለፍኩት። እኔን ያስፈራኝ ስልሳ ሁለተኛው ነበር፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ቅርንጫፍ ታፔላው ይወርዳል። ታፔላው ከወረደ ማሽኖቹም ተነቅለው ይሄዳሉ። እትዬ የሃያ ሁለት ዓመት ጥሪቷን ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ አስገብታለች። ሦስት ማስጠንቀቂያ ማለት፣ እትዬ በሃምሳ ዓመቷ ተመልሳ የሰው ምድር ቤት ትወርዳለች ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያመጣብን ባሏ ነው። ደንቡ የቀለሙን ቁጥር ሳይቀር ይናገራል። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ቀለም የቀባ ሰው ነው፤ የተላከውን ቆርቆሮ ከፍቶ «ይሄ ሰማያዊ ልብ የለውም» አለና ከራሱ ቀላቀለበት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ተቆጣጣሪዋ ገብታ፣ የቀለም ናሙናዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አየች፣ ጻፈች። የእትዬ ባል እንደ ገና ሲቀባ ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

ሁለተኛው የእትዬ የራሷ ነው። እኔ በደንቡ መሠረት ቁጥሩን እይዛለሁ፤ ልብሱ ወደ ኋላ ሲያልፍ እሷ ትፈታዋለች።

«ቁጥር ለማያውቅ ሰው ነው» ትለኛለች።

«ደንብ ነው፣ እትዬ።»

«ደንቡን ያወጣችው እኔን ስለማታውቀኝ ነው።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔም መከርኩ፤ ሲሰለቸኝ ተውኩት። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ ሳትናገር መጥታ በቀጥታ ወደ ኋላ አለፈችና ቁጥር የሌላቸው አሥራ አንድ ሸሚዞች ተሰቅለው አገኘች። እስክሪብቶዋን አወጣች። ቆይ ግን፣ ከመጻፏ በፊት የመጀመሪያውን ሸሚዝ አወረደች።

«ይህ የማን ነው፣ እትዬ?»

«የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ።»

«ይህስ?»

«የጎረቤታችን፣ የሾፌሩ። አንገቱን እዪው፣ በመኪናው ቀበቶ ተፍቋል።»

አሥራ አንዱንም ጠየቀቻት። እኔ መዝገቡን ይዤ እያመሳከርኩ ነበር፤ አሥራ አንዱንም አወቀች። ልጅቷ የመጨረሻውን ሸሚዝ በጥንቃቄ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ጻፈች።

«አሥራ አንዱንም አውቀዋል» አለች ቀስ ብላ። «ደንቡ ግን ያውቃሉ ወይ አይደለም የሚለው። ቁጥር አለው ወይ ነው የሚለው።»

ያን ቀን ልጅቷን ጠላኋት። አሁን አልጠላትም።

እትዬ ከዚያ በኋላ ጠባይ ገዛች። የሚታጠብ ልብስ ሁሉ ቁጥሩን እንደያዘ ገብቶ እንደያዘ ይወጣ ጀመር። እኔም ተመስገን ብዬ አረፍኩ። ሐሙስ ዕለት ግን ሁለት ጥቁር ሙሉ ልብሶች መጡልን፤ ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ለመተኮስ ብቻ። አንደኛው የሙሽራ ነው፤ ቅዳሜ ያገባል። ሌላው የመምህር ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰኞ የሥራ ፈተና ይቀመጣል። ሁለት ሰፈር ወረድ ብሎ ያለው ልብስ ሰፊ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ቆርጦ፣ አንድ ዓይነት ገበር አድርጎ ነው የሰፋላቸው። ቁጥሩን ያዝኩባቸውና አሳለፍኳቸው። እትዬ ፈታችው። የፈታችው ግን እንደ በፊቱ በትዕቢት አልነበረም።

«መርፌ አዲስ ጨርቅ ይበሳል» አለችኝ። «ያልታጠበ ሱፍ ላይ ቀዳዳው በካውያ አይጠፋም። የሰርግ ልብስ ላይ ቀዳዳ ላውጣበት?»

እውነቷን ነበር። ተኳሽ ያልሆነ ሰው ይህን አያውቅም፤ ደንቡን የጻፈው ሰው እንኳ አላወቀውም።

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ መምህሩ ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ አውቶቡሱ ሊሄድበት ነው። ወደ ኋላ ገባሁ። ሁለቱ ልብሶች በላስቲክ ተሸፍነው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ልካቸው ከውጭ አይለይም።

«የመምህሩ የቱ ነው?»

እትዬ እጇን ከላስቲኩ ሥር አስገብታ የአንደኛውን እጅጌ ዳሰሰች። ከዚያ የሌላውን። ከዚያ ተመልሳ የመጀመሪያውን። በዕድሜዬ አንድን ልብስ ሁለት ጊዜ ስትዳስስ አይቻት አላውቅም።

«ይሄ ነው» አለች።

ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። ሰምቼዋለሁ፤ ዝም ብዬ አንሥቼ ወጣሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። መምህሩ አመስግኖ ሮጠ። ሁለት ሰዓት ላይ የሙሽራው ሚዜ የቀረውን ወሰደ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተበርግዶ ሙሽራው ራሱ ገባ። እጅጌው ጣቶቹን ውጦታል። ሱሪው ጫማውን ሸፍኖ መሬት ይጠርጋል፤ ወገቡ እንዳይወርድበት በአንድ እጁ ጨብጦታል። ሚዜው ከኋላው ቆሞ ላለመሳቅ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሯል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ሰርጌ ስድስት ሰዓት ነው!» አለ ሙሽራው። «ስድስት ሰዓት! ይሄ የማን ልብስ ነው?»

እትዬ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አየችው። ወደ ሙሽራው ሄዳ እጅጌውን ይዛ በጣቶቿ መሃል ጨርቁን አሸት አሸት አደረገችው፤ አሁንም የሚነግራት ነገር ያለ ይመስል።

«ሁለቱንም ዳስሻቸው ነበር» አለች፤ ለሙሽራው አይደለም፣ ለራሷ ነው። «ምንም የለባቸውም። አዲስ ልብስ ገና ሰው አልገባበትም።»

ክንዷን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ምን እንዳልኳት አልደብቅም፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ታፔላውን ብቻ ነው።

«ስሚኝ፣ እትዬ። ይሄንን ሰውዬ እንደ ምንም አሳጥረሽ አጥብበሽ አልብሺውና ይሂድ። የዛሬውን ቀን በደስታ ያሳልፈዋል። ለማንም አንደውል። ሦስተኛ ነው! ሦስተኛው መሆኑን አትርሺ!»

«መምህሩስ?»

«መምህሩ ሲደርስ ራሱ ይደውላል።»

«ሲደርስ ማታ ነው። ነገ እሑድ ነው፣ የሚከፈት ልብስ ሰፊ የለም። ሰኞ ጠዋት በሙሽራ ልብስ፣ እጁ እስከ ክርኑ ወጥቶ ፈተና ሊቆም ነው?» ዓይኗን ወደ ታፔላው አቅጣጫ አነሣች፤ ከውስጥ አይታይም፣ ግን የት እንዳለ ታውቃለች። «እኔ አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው እጄ የሚደርሰው። ለሌላው የሚደርስ ሰው ያላት እሷ ናት። ስልኩን አምጪ።»

ሰጠኋት። ቅዳሜ ስለነበር ቢሮው ውስጥ ጸሐፊ አልነበረችም፤ ስልኩን ያነሣችው ባለስሟ፣ የላውንደሪው ባለቤት ራሷ ናት። እትዬ አንድም ነገር ሳታሳምር ነገረቻት። ቁጥሩን እንደፈታችው፣ ለምን እንደፈታችው፣ ማን የማንን እንደወሰደ። ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ «መምህሩ የሚሄድበት ከተማ ቅርንጫፍ አለን። የባለቤቷን ስልክ ቁጥር ጻፊ» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

የዚያች ቅርንጫፍ ባለቤት አሁን ድረስ በዓይናችን አይተናት አናውቅም። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ ከጀርባዋ ማሽን ይሰማል።

«በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አለው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት ጣት» አለች እትዬ። «ጎኑም፣ እጅጌውም፣ የሱሪው ጫፍም።»

«በቂ ነው። እኔ እፈታለታለሁ፣ አንቺ እጠፊለት። መቀስ እንዳናስነካ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እኅቴ።»

«ኧረ ተይኝ፣ የኔንም ተራ ጠብቂ» አለች ጎርናናዋ።

ሙሽራው የደንበኛ መቀመጫ በርጩማ ላይ ቆመ። እትዬ መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ ዞረችው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ በሰፊው እየወጋች ያዘችው፣ ወገቡን ከኋላ ሰበሰበችው፣ ሱሪውን አሳጠረችው፤ እያንዳንዱን በእንፋሎት አስተኛችው። ሙሽራው መተንፈስ ፈርቶ ነበር። ሚዜው በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ይናገራል፤ በመጨረሻ እኔ ራሴ «ወንድሜ፣ ወይ ዝም በል ወይ ክር አስገባ» አልኩት። ክር ያስገባ ጀመር። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሙሽራው መስተዋቱ ፊት ቆሞ ራሱን አየ፤ ልብሱ በልኩ የተሰፋ ይመስላል።

«ከራሴው ልብስ ይሻላል እኮ» አለ።

«እንዳትቀመጥ» አለችው እትዬ። «ከተቀመጥክም ቀስ ብለህ።»

ከወጡ በኋላ እትዬ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። አንጀቴን በላችው። ያስለቀሳት ታፔላው መስሎኝ ላጽናናት ስጀምር እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት» አለች። ገባኝ። የምትተማመነው በዚያ እጅ ነበር።

ፊቷን ታጥባ ተነሣች። ቤቱ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ፣ የነበረበትንም ያልነበረበትንም፣ ቁጥር ያዘችበት። ስትጨርስ የራሳችን ሽርጥ ላይ ሁሉ ቁጥር ነበር።

መምህሩ በማግስቱ ደወለ። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገች ሴት ጠብቃው ገና ሰላም ሳትለው «ልብስዎን ይስጡኝ» እንዳለችው ነገረን። «ቀማኛ መስላኝ ነበር» አለ። የሙሽራው ልብስ ተፈትቶ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ እሑድ በእጁ ገብቷል።

ከዚያ ሰውየው ሥራውን ስለማግኘቱ እንዳታስጨንቁኝ፤ አግኝቷል።

ሰኞ የመጣ ሰው የለም። መጠበቅ ከመቀጣት ይብሳል። የእትዬ ባል ማታ ቤት ገብቶ «ታፔላውን የማወርደው እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ሰው ካወረደው ግድግዳውን ይቦጭቅባታል።» መሰላሉን ሱቁ በር ላይ አስደግፎት መጥቶ ነበር። እትዬ አመሰገነችው። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ብቆይ ኖሮ ሁለቱንም እጮህባቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ባለስሟ ከተቆጣጣሪዋ ጋር መጣች። ትልቅ ሴትዮ ጠብቄ ነበር፤ አጭር ናት፣ ስልሳ ያለፋት፣ እጆቿ በሳሙና የተበሉ። መሰላሉን በር ላይ አየችው፣ ቀና ብላ ታፔላውን አየችውና ገባች። ወደ ኋላ አልፋ ካውያዎቹን፣ መስቀያውን፣ ልብሶቹን እየዳሰሰች ዞረች። እትዬ እጆቿን ከሽርጧ ሥር ደብቃ ቆማለች።

«ክላሰሩን አምጪልኝ» አለች ባለስሟ። ሰጠኋት። ከፈተችው። «አንደኛው ደንብ። ኪስ ፈትሹ። አንድ ኪስ ውስጥ የቀረ እስክሪብቶ አርባ ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶብኛል፤ ሁሉም የአንድ ትምህርት ቤት ነበሩ።» ገለጠች። «አሥራ ሰባተኛው። አንዲት ሴት የሞተ ባሏን ካፖርት አመጣችልኝ። እንዳይተኮስ፣ ሽታው እንዳይጠፋ፣ አቧራው ብቻ እንዲራገፍ ነበር የፈለገችው። እኔም እንዳንቺ ሁሉን አውቃለሁ እል ነበር። ለሌላ ሰው ሰጠሁት። እስከ ዛሬ አልተገኘም። መንገድ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ሳይ አሁንም ዓይኔ ይከተለዋል።» ክላሰሩን ዘጋችው። «ስልሳ ሦስቱም እንዲሁ ናቸው። ግማሹ የኔ ጥፋት ነው፣ ግማሹ የሌሎች ባለቅርንጫፎች። አዋቂ ሆኜ የጻፍኩት አንድም የለም።»

ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች።

«ዛሬ ያገኘሽው ጥፋት አለ?»

ልጅቷ መስቀያውን ከዳር እስከ ዳር አየች። የራሳችን ሽርጥ ላይ የተያዘውን ቁጥር አየች። «የለም» አለች። በአፏ ጥግ ፈገግታ አለፈ ብዬ እምላለሁ።

«እንግዲያው ሁለት እንደሆነ ይቆያል» አለች ባለስሟ። «ያገኘነውን እንቀጣለን። የነገሩንን ግን ቀጥተን አናውቅም፤ ከቀጣን ነገ ማን ይነግረናል?» የመጨረሻውን ገጽ፣ ያንን ባዶውን፣ ከቀለበቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ለእትዬ ዘረጋችው። «ጻፊው።»

እትዬ እጇን ከሽርጧ አላወጣችም። «እኔ እጄ ለካውያ ነው እንጂ ለእስክሪብቶ አይሆንም። እሷ ጸሐፊ ነበረች» አለችና በአገጯ ወደኔ አመለከተች። ስለዚህ እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ።

ዓመት ሊሞላን ሲል ለሁሉም ቅርንጫፍ አዲስ ክላሰር ተላከ። ያን ሰሞን እማዬ ልጆቿን ልትጎበኝ መጥታ መቀበያው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር። ክላሰሩን ከመጨረሻው ገጽ ገልጬ አስያዝኳት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስሄደች ጮክ ብላ አነበበች።

«ስልሳ አራት። አዲስ ልብስ ገና ሰው አልገባበትም፤ እጃችሁን አትመኑ። መርፌ አዲስ ጨርቅ ስለሚበሳ ቁጥሩን በክር በቁልፍ ቀዳዳው እሰሩት።» ገጹን ገለበጠች፣ ጀርባውን አየች። «ስምሽ የታለ?»

«የለበትም፣ እማዬ» አለች እትዬ።

እማዬ ክላሰሩን ዘጋችው። ከቦርሳዋ ለሱቁ አንደኛ ዓመት ዝግጅት ያሰፋችውን አዲስ ቀሚስ አውጥታ እንዲተኮስላት ሰጠቻት። እትዬ ቀሚሱን ተቀበለች። ኪሱን ፈተሸች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ቁጥርና ክር አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቁጥር ላስርበት።»

«የእናትሽን ቀሚስ?»

«አዲስ ነው፣ እማዬ። ደንብ ነው።»

እማዬ መነጽሯን አወለቀች። እኔ ነገሩ ሊጀመር ነው ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«የማን ደንብ?» አለች።

እትዬ ክሩን በቁልፍ ቀዳዳው አሳልፋ ቋጠረችው።

«የኔ» አለች።